ኬልፕ፦ ባሕር ውስጥ የሚበቅለው ደን

ከአሁን በፊት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምስጥና ስለ ወባ ትንኝ ጽፈንላችኋል። ዛሬ ደግሞ ራቅ ብለን ወደ ባሕር እንወርዳለን። ምክንያቱም የማታ ተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ አንስተውብናል። ጥያቄያቸው «በሳይንስ መጽሐፉ ውስጥ ኬልፕ የሚባል ባሕር ውስጥ የሚበቅል ደን አለ ይላል። ውሃ ውስጥ እንዴት ደን ይበቅላል? ለእኛስ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነበር። የመጀመሪያው የሳይንስ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ግን እስከ ወጥ ድስታችን ድረስ የሚዘልቅ ሆኖ ስላገኘነው ሁለቱንም አንድ ላይ ለማስረዳት እንሞክራለን። ኬልፕ የሚለውን ስም በአማርኛ የሚተካ ቃል ስላላገኘን እንዳለ ወስደነዋል።

ተክል የሚመስል፣ ተክል ያልሆነ

ኬልፕን በሥዕል ያየ ሰው ተክል ነው ቢል አይፈረድበትም። አገዳ አለው፣ ቅጠል የሚመስል ዝርግ አካል አለው፣ ከታች ሥር የሚመስል ነገር አለው። ነገር ግን ተክል አይደለም። የሚመደበው ዋቅላሚ፣ በሳይንስ አጠራር አልጌ፣ ከሚባሉት ሕያዋን ወገን ነው። ዋቅላሚን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቦኖው ሥር ውሃ በሚያቁርበት ቦታ፣ ወይም ብዙ ጊዜ ሳይታጠብ በቆየ ጄሪካን ውስጥ የሚይዘው አረንጓዴና አንሸራታች ነገር እርሱ ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ ያደጋችሁ ደግሞ አረንጓዴ የሚባለውን ሐይቅ ታስታውሳላችሁ። ለሐይቁ ስም ያወጣለት ቀለም የሚመጣው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ነው፤ እነርሱም ዛሬ በሳይንስ ከባክቴሪያ ወገን ቢቆጠሩም በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ይባላሉ። እንግዲህ በጄሪካን ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ጋር በአንድ ስም የሚጠራ ፍጥረት እንደ ዛፍ ቆሞ ደን ይሠራል ማለት ነው።

ኬልፕ ከቡናማ ዋቅላሚዎች ክፍል ነው። ቀለሙ ወደ ቡናማነት የሚያደላው በውስጡ ያለውን አረንጓዴ ክሎሮፊል የሚሸፍን ፉኮዛንቲን የሚባል ሌላ ቀለም ስላለው ነው። ይህ ቀለም ለጌጥ የተሰጠው አይደለም። የባሕር ውሃ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ቶሎ ውጦ ያስቀረዋል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊውና አረንጓዴው ነው። ፉኮዛንቲን ያንን የተረፈውን ብርሃን እየለቀመ ለምግብ ሥራ ያውለዋል።

ከታች ሥር የሚመስለው ነገር እውነተኛ ሥር አይደለም። እንደ ጣት የተቆላለፈ፣ አለት ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ መጨበጫ ነው፤ እኛ «ያዥ» ብንለው ይቀላል። ያዥ ከመሬት ውሃም ምግብም አይስብም። ኬልፕ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚወስደው በሰውነቱ ላይ ከሚያልፈው የባሕር ውሃ ስለሆነ መላ አካሉ ይጠጣል ማለት ይቻላል። ባሕር ዛፍ ውሃን ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመሳብ የሚደክመውን ድካም ኬልፕ አያውቀውም። ሆኖም ትልልቆቹ ዝርያዎች በላይ በኩል ፀሐይ ያገኘው ክፍል የሠራውን ስኳር በጥላ ውስጥ ወዳለው የታችኛው ክፍል የሚያወርዱበት ቀጫጭን መተላለፊያ አላቸው።

ታዲያ እንጨት ሳይኖረው እንዴት ቀጥ ብሎ ይቆማል? በአየር ነው። ግዙፉ ኬልፕ የሚባለው ዝርያ በእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ እንቁላል የምታህል ፊኛ አለችው፤ እነዚህ ፊኛዎች ወደ ላይ ይስቡታል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኘው ሌላው ዝርያ፣ የበሬ ኬልፕ የሚባለው፣ በረጅም አገዳው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ፊኛ ብቻ ነው ያለው። የሚያስገርመው በዚህ ፊኛ ውስጥ ካሉት ጋዞች አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑ ነው። ይህ ጋዝ በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። እግረ መንገዳችንን፣ በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት የምታስገቡ ሁሉ ይህን እንድታስቡበት አደራ እንላለን።

ግዙፉ ኬልፕ ከ45 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ሁኔታው ሲመቸው በአንድ ቀን እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያድጋል፤ ይህም ከአንድ ክንድ ይበልጣል። ዛሬ ጠዋት ምልክት ብታደርጉበት ነገ ጠዋት ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የምትለኩት እድገት ታያላችሁ ማለት ነው። የበሬ ኬልፕ ደግሞ ከ30 ሜትር የሚበልጥ ቁመቱን በአንድ ወቅት ውስጥ ጨርሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ ሲገባ በማዕበል ተነቅሎ ይሞታል።

አበባም ዘርም የለውም

ኬልፕ አያብብም፣ ፍሬም አይሰጥም። የሚራባው ስፖር በሚባሉ በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ነው። አንድ ትልቅ ኬልፕ እጅግ ብዙ ስፖሮችን ወደ ውሃ ይለቃል። እያንዳንዱ ስፖር የሚዋኝበት እንደ ጭራ ያለ ነገር ስላለው ጥቂት ዋኝቶ አለት ላይ ያርፋል። ከስፖሩ የሚበቅለው ግን ወዲያውኑ ትልቁ ኬልፕ አይደለም፤ አንዳንዱ ወንድ፣ አንዳንዱ ሴት የሆነ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ክር መሰል ፍጥረት ነው። ሴቷ እንቁላል ስታዘጋጅ ወደ ውሃው ኬሚካል ትለቃለች፤ ኬሚካሉም የወንዱን የዘር ሕዋሳት ይጠራል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው እንደገና ትልቁ ኬልፕ የሚጀመረው። እንግዲህ አንድ ትውልድ ዛፍ አከል፣ ቀጣዩ ትውልድ ከአቧራ የሚያንስ ሆኖ ይፈራረቃል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ክፍል አስቸጋሪ ነው ይሉናል፤ ግን የሰውንና የከብትን መራባት ለጊዜው ረስታችሁ ካሰባችሁት ይገባል።

የት ይኖራል? ለምንስ በእኛ በኩል የለም?

ኬልፕ በሄደበት ሁሉ አይበቅልም። በመጀመሪያ አለት ይፈልጋል። አሸዋና ጭቃ ላይ ያዡ የሚጨብጠው ነገር ስለማያገኝ ማዕበል ጠራርጎ ይወስደዋል። ሁለተኛ ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ወይም ከ40 ሜትር በበለጠ ጥልቀት አይገኝም፤ ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ ወሰኑ ከዚያም ያንሳል። ሦስተኛውና ዋናው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ለግዙፉ ኬልፕ የሚስማማው ከ5 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ውሃ ነው።

ለምን ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል ብትሉ፣ ነገሩ የማዳበሪያ ጉዳይ ጭምር ነው። በባሕር ውስጥ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ እንደ ናይትሬት ያሉት የምግብ ንጥረ ነገሮች ቀዝቃዛ በሆነው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ላይኛው ሞቃት ውሃ ግን ድሃ ነው። በአንዳንድ ዳርቻዎች ነፋስ ላይኛውን ውሃ ወደ መሐል ባሕር ሲገፋው ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ተተክቶ ይወጣል። ድስት ሲማሰል ሥሩ ያረፈው ወደ ላይ እንደሚወጣ ማለት ነው። ኬልፕ የሚደላው ባሕሩ እንዲህ በሚማሰልበት ስፍራ ነው፤ በካሊፎርኒያ፣ በቺሊ፣ በደቡብ አፍሪካ። ከእነዚህ ሌላ በኖርዌይ፣ በብሪታንያ፣ በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በደቡብ አውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ዳርቻዎችም ይገኛል።

በአህጉራችን ትልቁ የኬልፕ ደን ያለው በደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ታውን አካባቢ ጀምሮ ወደ ሰሜን እስከ ናሚቢያ ባለው ዳርቻ ነው። እዚያ ቤንጉዌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ ያልፋል። የአካባቢው ሰዎች አንደኛውን ዝርያ የባሕር ቀርከሃ ይሉታል፤ አገዳው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ስሙ ተገቢ ይመስለናል።

በኬንያና በታንዛኒያ ዳርቻ ግን የላይኛው ውሃ ለኬልፕ በጣም ይሞቃል። አንዳንዶቻችሁ በሞምባሳ በኩል ስታልፉ በደቡብ ዳርቻ በክዋሌ ውስጥ፣ በተለይ ኪቡዩኒ በሚባለው መንደር፣ እናቶች በገመድ ላይ አሥረው የሚያበቅሉትን የባሕር አረም አይታችሁ ይሆናል። በዛንዚባርም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለገበያ ይመረታል፤ አብዛኞቹ አምራቾችም ሴቶች ናቸው። ያ ግን ኬልፕ ሳይሆን ሙቀት የሚወድ ቀይ ዋቅላሚ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ከአንድ ቦታ በቀር ማለት አለብን። ከቀይ ባሕር መውጫ ወደ ምሥራቅ፣ በኦማን አገር ዶፋር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በሚርባጥ ከተማ አካባቢ፣ ኬልፕ አለ። በሐሩሩ የዓረብ ምድር ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ፍጥረት እንዴት ተገኘ? በአገራችን ክረምት በሚሆንበት በዚያው ወቅት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የዓረቢያን ባሕር ያማስለዋል። ያን ጊዜ በዶፋር ዳርቻ ያለው ውሃ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ኬልፑም ይለመልማል። ነፋሱ ጋብ ብሎ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይከስማል። የዝናብ ወቅት ጠብቆ እንደሚበቅል አዝመራ ማለት ነው።

ደኑን የሚጠብቀው አውሬ

ዝነኛው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1834 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ሲያልፍ ኬልፕን አይቶ ተደንቆ ነበር። አንዱን ኬልፕ አንሥተው ሲያራግፉት ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ ቀንድ አውጣው ሁሉ ይረግፋል። ዳርዊን በየብስ ላይ ያለ ደን ቢጠፋ የሚሞተው የፍጥረት ዓይነት፣ ኬልፕ ቢጠፋ ከሚሞተው ጋር የሚተካከል አይመስለኝም የሚል ሐሳብ ጽፏል። ኬልፕ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ግን በዓይን የታየው ከእርሱ በኋላ ነው። ይህ ታሪክ ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለበት ስለሚመስለን ዘርዘር አድርገን እናቀርበዋለን።

የኬልፕ ዋና ጠላት የባሕር ጃርት ነው። ኳስ የመሰለ፣ ዙሪያውን እሾህ የለበሰ፣ ከሥሩ አምስት ጥርስ ያለው ትንሽ እንስሳ ነው። ምግብ በተትረፈረፈበት ጊዜ የባሕር ጃርት ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ ተቆርጦ የወደቀ የኬልፕ ቅጠል ይበላል፤ ጉዳት የለውም። ከበዛና ከተራበ ግን ከስንጥቁ ወጥቶ ይዘምታል፤ ኬልፑንም ያዡ ላይ ይግጠዋል። ያዡ ሲበጠስ አርባ ሜትሩ ሁሉ በአንዴ ይሄዳል። ዛፍን ከላይ ቅጠሉን እንደመመልመል ሳይሆን ከሥሩ እንደመቁረጥ ነው።

የባሕር ጃርትን የሚበላው ደግሞ የባሕር ኦተር የሚባል አውሬ ነው። ወንዱ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። እንደ ዓሣ ነባሪ በቆዳው ሥር ወፍራም ስብ ስለሌለው ብርዱን የሚቋቋመው በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ በዓለም ላይ ከእንስሳት ሁሉ የበለጠ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉሩ፣ ሌላው ብዙ መብላቱ። በየቀኑ የሰውነቱን ክብደት አንድ አራተኛ ያህል ይበላል። በጀርባው ተንሳፎ፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ፣ ቅርፊት ያለውን አድኖ ድንጋዩ ላይ ፈጥፍጦ ሲበላ ማየት እንደሚያስቅ ያዩት ይመሰክራሉ።

የጸጉሩ ማማር ግን ለእርሱ መዘዝ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1741 በቪተስ ቤሪንግ የሚመራ የሩሲያ መርከብ በሰሜን ፓሲፊክ ደሴቶች ላይ ከተሰበረ በኋላ፣ የተረፉት መርከበኞች የኦተር ቆዳ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ነጋዴው ሁሉ ጎረፈ። ከመቶ ሺህ በላይ ይሆን የነበረው ኦተር፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ሩሲያ፣ ጃፓን፣ ብሪታንያና አሜሪካ አደኑን የሚከለክል ውል ሲፈራረሙ የቀረው አንድ ወይም ሁለት ሺህ ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ጉዞ ላይ የነበረው ሐኪም ጌኦርግ ስቴለር ኬልፕ የምትበላ፣ 8 ሜትር ያህል የምትረዝም የባሕር ላም አይቶ ነበር። አዳኞቹ ሥጋዋን ስንቅ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1768፣ ከታየች በ27 ዓመት ውስጥ፣ ዘሯ ጠፋ።

ኦተሩና ኬልፑ የተያያዙ መሆናቸውን በግልጽ ያሳዩት ጄምስ ኤስቲስና ጆን ፓልሚሳኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ በአላስካ አሉሺያን በሚባሉት ደሴቶች ኦተር ያለበትንና የሌለበትን አወዳደሩ። ኦተር በብዛት በሚኖርበት በአምቺትካ ደሴት ዙሪያ ኬልፑ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሆኖ ተገኘ። ኦተር ባልተመለሰባቸው ደሴቶች ደግሞ የባሕሩ ወለል በጃርት ተሸፍኖ፣ ኬልፕ ተመናምኖ ተገኘ። የአየሩ ጠባይ ያው፣ አለቱም ያው ነው፤ ልዩነቱ አንድ አውሬ ነበር።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ ችግር መጥቷል። በካሊፎርኒያ ሰሜናዊ ዳርቻ ኦተር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የባሕር ጃርትን በልክ የያዘችው የሱፍ አበባ ኮከብ የምትባል፣ ከ20 በላይ ክንድ ያላት የባሕር ኮከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2013 የባሕር ኮከቦችን የሚያበሰብስ በሽታ ገባና ጨረሳት። የበሽታው ምክንያት ከኮሌራ ባክቴሪያ ጋር አንድ ወገን የሆነ ቪብሪዮ መሆኑ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቀ። ኬልፑ በሙቀቱና በምግብ ማጣት ሲደክም ጃርቱ ተነሣበት። በ350 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ላይ ከነበረው የበሬ ኬልፕ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ጠፋ። ኬልፕ የሚበላው አባሎኒ የተባለ ትልቅ ቀንድ አውጣ በረኃብ ስላለቀ እ.ኤ.አ. በ2018 ማጥመዱ ተከለከለ። ጃርቱ ግን አልሞተም። ሆዱ ባዶ ሆኖ ለዓመታት መቆየት ይችላል፤ አዲስ የበቀለች ኬልፕ ባየ ቁጥር ይበላታል። ስለዚህ ውሃው ተመልሶ ሲቀዘቅዝም ደኑ በቀላሉ አልተመለሰም። ጠላቂዎች ወርደው ጃርቱን በእጅ እየለቀሙ ነው በአንዳንድ ቦታ ኬልፑ እንዲያንሠራራ የሞከሩት።

አመዱ ያፈናቀላቸው ሰዎች

አሁን ወደ ሰው ልጅ እንመለስ። ኬልፕ የሚለው ቃል ራሱ በስኮትላንድ ምድር የሚታወቀው በፍጥረቱ ሳይሆን በአመዱ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በሄብሪዲስና በኦርክኒ ደሴቶች ድሆች ገበሬዎች የባሕር አረሙን ከቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያወጡ፣ አድርቀው፣ በድንጋይ በተከበበ ጉድጓድ ያቃጥሉት ነበር። አመዱ ሶዳና ፖታሽ ስላለው ለብርጭቆና ለሳሙና ፋብሪካ ይሸጣል። አንድ ቶን አመድ ለማግኘት 20 ቶን ያህል እርጥብ አረም ይፈጃል። ልፋቱን አስቡት።

በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ከስፔን የሚመጣው ሶዳ ስለተቋረጠ የአመዱ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ትርፉ የባለርስቶቹ ነበር። ባለርስቶቹ ገበሬው ከእርሻው ብቻ መኖር እንዳይችል መሬቱን እየቆራረጡ አሳነሱት፤ ያን ጊዜ ወደ ባሕሩ መውረድ ግድ ይሆንበታል። ሕዝቡ ወደ አሜሪካና ካናዳ እንዳይሄድባቸውም እ.ኤ.አ. በ1803 የመርከብ ጉዞን ያስወደደውን ሕግ ደገፉ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1815 ሲያበቃ ርካሽ ሶዳ ተመልሶ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1825 ደግሞ የጨው ቀረጥ ስለተነሣ ሶዳን ከጨው መሥራት ርካሽ ሆነ። አመዱ ዋጋ አጣ። ትናንት እንዳይሄድ የተከለከለው ሕዝብ ዛሬ «በዝቷል» ተባለ፤ ቦታው ለበግ ግጦሽ ስለተፈለገ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነቅለው በመርከብ ተጫኑ። በእኛ አስተያየት ይህ ታሪክ በሳይንስ መጽሐፍም ውስጥ መግባት ይገባው ነበር።

ሐምራዊው ጭስና የእኛ ጨው

ከዚሁ አመድ ነው ለእኛ የሚጠቅመው ነገር የተገኘው። በርናር ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ለባሩድ የሚሆን ጨው ለመሥራት የባሕር አረም አመድ ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1811 አንድ ቀን በአመዱ ዝቃጭ ላይ ከተለመደው የበለጠ ሰልፈሪክ አሲድ ሲያደርግበት ሐምራዊ ጭስ ተነሣ፤ ጭሱም ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲያርፍ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅንጣት ሆነ። ይህ አዲስ ንጥረ ነገር ከጭሱ ቀለም የተነሣ በግሪክ ቃል አዮዲን ተባለ። በክሊኒኩ ነርሶች ቁስል ላይ የሚቀቡት ቡናማ መድኃኒት ውስጥ ያለው ይኸው አዮዲን ነው።

አዮዲን በባሕር ውሃ ውስጥ እጅግ ቀጭን ሆኖ የተበተነ ነው። ኬልፕ ግን ከውሃው እየለቀመ በሰውነቱ ውስጥ በሺህ እጥፍ ያጠራቅመዋል። በጥንት ጊዜ የቻይና ሐኪሞች የባሕር አረም ለእንቅርት ሲያዝዙ ምክንያቱን ሳያውቁ መድኃኒቱን አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 ኩዋንዴ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም ራሱን አዮዲኑን ለእንቅርት በሽተኞች መስጠት ጀመረ።

እንቅርት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በደጋው አገራችን ያላየ የለም። ብዙ ሰው ግን የመልክ ነገር ብቻ ይመስለዋል። በአንገታችን ፊት ለፊት ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ዕጢው ለሰውነት እድገትና ለአንጎል የሚያስፈልገውን ንጥረ ቅመም የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጣ የቻለውን ለመሰብሰብ ሲል ያብጣል፤ እንቅርት ማለት ያ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ካነሳት ሊያስወርዳት፣ ልጁ ሞቶ ሊወለድ ወይም አእምሮው ሳይዳብር ሊቀር ይችላል። ያ ጉዳት በኋላ በሚሰጥ አዮዲን አይመለስም። በየክፍላችን ትምህርት አልገባ ያለውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ይህንንም ማሰብ ደግ ነው።

በደጋ አገር የሚበዛው ለምንድን ነው? ዝናብና ጎርፍ በብዙ ሺህ ዓመታት አዮዲኑን ከአፈሩ አጥበው ስለወሰዱት ነው። አፈሩ ከሌለው ጤፉም፣ ገብሱም፣ ወተቱም አይኖረውም። የሚያስፈልገው መጠን ግን ኢምንት ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ይበቃል። ሰባ ዓመት የሚኖር ሰው የዕድሜውን ሁሉ ቢያጠራቅም 4 ግራም አይሞላም። ችግሩ በየቀኑ ማግኘት ስላለበት ነው፤ ለዚህ ከጨው የተሻለ ማዳረሻ አልተገኘም። በኢትዮጵያ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

«ታዲያ ጨዋችን ውስጥ ያለው አዮዲን ከኬልፕ የመጣ ነው?» ያለን ተማሪ አለ። አይደለም። ዛሬ የዓለም አዮዲን አብዛኛው የሚገኘው በቺሊ በረሃ ከሚቆፈር አለትና በጃፓን ከመሬት ሥር ከሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው። ኬልፕ መንገዱን አሳየ እንጂ ሥራውን ለሌላ አስረክቧል። «ከባሕር የወጣ ጨው ሁሉ አዮዲን አለው» የሚለውም ስሕተት ነው፤ ውሃው ደርቆ ጨው ሲቀር አዮዲኑ እዚህ ግባ የማይባል ነው። አሞሌም እንደዚሁ።

የኬልፕ ክኒን ብርታት ይሰጣል ተብሎ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ገንዘባችሁን አታባክኑ። አንድ ግራም ደረቅ ኬልፕ ከአንድ ሺህ ማይክሮ ግራም በላይ አዮዲን ሊኖረው ይችላል፤ ሲበዛም ያንኑ ዕጢ ያውካል። የጃፓን ሰዎች ኮምቡ የሚሉትን ኬልፕ ቀቅለው መረቁን ቢበሉ የቆየ ልማዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ምሁር ከዚያ መረቅ ውስጥ ጣዕም ሰጪውን ግሉታሜት ለይቶ አውጥቷል፤ ዛሬ በብዙ የወጥ ማጣፈጫ ውስጥ የሚገባው እርሱ ነው። ነገር ግን ማጣፈጫው አዮዲን አይሰጥም።

ስለዚህ ከሱቅ ጨው ስትገዙ በመያዣው ላይ አዮዲን የገባበት መሆኑ መጻፉን ተመልከቱ፤ የማታነቡ እናቶች ልጆቻችሁን አስነብቡ። በጉርድ ጣሳ ተመትሮ የሚሸጠው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ከሆነ ይቅርባችሁ። ቤት ስታደርሱት ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡት፤ ፀሐይ፣ እርጥበትና የምድጃ ሙቀት አዮዲኑን ይቀንሱታል። ወጥ ውስጥም ከመጀመሪያው አትጨምሩት፤ ድስቱ ሊወርድ ሲል ጨምራችሁ አንዴ አማስሉት።